ግማሽ ፍሪሲዮን

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሪ ሳስጨብጥ፣
ከጎሃ ዳገት ወገብ መኪና ሳስቀምጥ፣
አንድ ነው ቋንቋዬ፦ «ቀስ በል፣ አትደንግጥ፤
ፍሪሲዮን በግማሽ፣ ሞተሩን አድምጥ፤
ሲንቀጠቀጥ ቁም፤ ደግመህ ተነሥ ኋላ።»
ማታ ግን እቤቴ፣ እዚያ ቸቸላ፣
መብራቱ ሲጠፋ፣
ያ ሁሉ «ቀስ» ማለት የት ገብቶ ይጠፋ?

ትርንጎ ሻሿን ገና ሳትፈታ፣
የእኔ መንገድ አለቀ፤ ቀረ ጸጥታ።
«ደክሞኝ ነው» እላለሁ። ግድግዳ አያለሁ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ደክሞኝ ነው ብያለሁ።

እሷ ዝም ትላለች። ያን ዝምታ ወስጄ
ስድብ አድርጌ ፈታሁት፣ በራሴ ፈርጄ።
ከዚያ ማምሸት መጣ፤
ሳትተኛ ላልገባ፣ ሳትነቃ ልወጣ።

ጠላ ቤት ወንድነት በጣሳ ይሰፈራል፤
አቸነፈ ስለ ሌሊቱ እስኪመሽ ያወራል።
እኔም ጨመርኩበት፤ ውሸቱስ ምን ገደደኝ፣
የቤቴ ደጃፍ ነው ቆሞ የከበደኝ።

ከቀሃ ማዶ ካለ ሥር ማሽ ዘንድ ሄጄ፣
ዱቄት በማር ላስኩኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወድጄ፤
ሦስት ቀን ሆዴን ይዤ ተኛሁ።
ሌላው እንደነበረ። ከነበርኩበት ተገኘሁ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ ተማሪዬ እናንዬ፣
ዳገቱ መሀል ጠፋባት። «ወይኔ ጌታዬ!»
እግሯ ተንዘፈዘፈ። አይሱዙ ከኋላ በጥሩምባ ያዝዛል።
«አይዞሽ» አልኳት፣ «እግር ሲፈራ ጥድፊያ ያበዛል።»
አልኩና ዝም አልኩ። ቃሌ ወደ እኔው ዞረ፣
ስድስት ዓመት ሲፈልገኝ እንደኖረ።

ነርስ ናት፣ ኮሌጅ ሆስፒታል። «አንድ ጓደኛ አለኝ» አልኳት፣
መስተዋት እያስተካከልኩ፣ ዓይኗን እየሸሸኋት፤
«ቶሎ... ከሚስቱ ጋር... ሳያስበው ያበቃል።»
አልሳቀችም። «ሕመም ነው፤ ይታወቃል፤
ብዙ ወንድ ይዞት ይመጣል፤ አዲስ ነገር የለው።
ጓደኛህ ሰኞ ማልዶ ይምጣ፤ አይፈር በለው።»

ሰኞ ቆቤን ወደ ዓይኔ ስቤ ተሰለፍኩ።
አግዳሚው ጫፍ ላይ ግን ማንን አየሁ? ደነገጥኩ፦
ያ እስኪመሽ የሚያወራው፣ አቸነፈ፣
ፊቱን በራጅ ፖስታ ሸፍኖ ተደገፈ።
«ወገቤን ነው» አለ። «እኔም» አልኩ። «ወገብ ክፉ ነው።»
እስከ ተራችን ድረስ ስለ ወገብ አወራነው።

ሐኪሙ ጠየቀኝ፦ «ከጀመረህ ስንት ጊዜው?
ከመነሻው ነው ወይስ በኋላ የመጣ ነው?
እንቅልፍህስ? እንቅርት፣ ስኳር፣ ሐሳብ?»
እኔ የጠበቅሁት እንዲህ አልነበረም፤ ስድብ
ነበር። «ወንድነት አልጎደለህ፤
አንጎልና ነርቭ ናቸው የሚጣደፉብህ፤
ፍርሃት ደግሞ ይገፋል። ክኒን አለ፣ ልምምድም፦
ሊሞላ ሲል ማቆም፣ መተንፈስ፣ ደግሞ መጀመር። ግን ከሁሉም
በፊት ሚስትህን ይዘህ ና፤ ብቻህን አይሆንም።»
ሳቅሁ። «ምነው?» አለ። «ይህን አስተምራለሁ» አልኩት፣
«ዳገት ላይ።» አልገባውም። አላብራራሁም፤ ተውኩት።

ያን ማታ ነገርኳት። ሻሿን ይዛ ቆየች።
«እኔ ሌላ ሴት ያለህ መስሎኝ ነበር» አለች።
«ጀርባ ስትሰጠኝ፣ ገላዬን ጠልተኸው...»
ስድስት ዓመት፣ አንድ አልጋ፤ ሁለት ፍርሃት ተኝተው
እንቅልፍ የነሡን።

ተፈወስኩ አልልም። ዛሬም አንዳንድ ሌሊት
ዳገቱ ላይ ይጠፋል። ትስቃለች። እኔም ስቄ አብሬያት
እንደገና እንነሣለን።

ትናንት ጎሃ ላይ አንዱ ልጅ መኪናውን አጠፋው፤
ላቡ መሪው ላይ፤ ሚኒባሱ ከኋላ ጥሩምባ ነፋው።
«ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ።
«ይጠብቅ» አልኩት። «ቁልፉን አዙር። ጊዜ አለን።»