የጃንጥላ ጠጋኙ ገድ

ካናዛዋ ከተማ፣ ዝናብ በሚያድርባት፣
«ምሳህን ብትረሳ ጥላህን አትርሳ» በሚባልባት፣
ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ትከሻ በሚያስተሻሽ መንገድ
ኪሳቡሮ ሱቅ አለው፤ ጃንጥላ ይጠግናል፣ ይጠብቃል ገድ።

በመስኮቱ ድመት አለች፣ የሸክላ፣ ነጭ፣ ጆሮዋ ቀይ፣
ግራ እጇን አንስታ «ግቡ» የምትል መንገደኛ ስታይ።
ቀኝ ያነሳችዋ ገንዘብ ነው የምትጣራው አሉ፤
እሱ ግን ግራዋን መረጠ፦ «ሰው ከመጣ ይመጣል ሁሉ።»
ባትሪዋ ካለቀ ስንት ክረምት አለፈ፤
እጇ ጥሪ እንደ ጀመረ መሃል አየር ላይ አረፈ።
ፉሳኤ፣ ሚስቱ፣ አቧራዋን ስትጠርግ
በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፣ አንዴ እንድትጠራ፣ ለወግ።

ከደፉ ላይ ጨው አለ፣ በሁለት ትንንሽ ሳህን ተከምሮ፣
ጠዋት ጠዋት የምታድሰው፣ ከአማቷ የወረሰችው ከድሮ።
(ክፉ እንዳይዘልቅ ነው። ክፉስ አልዘለቀ፤
ደንበኛም አልዘለቀ። ጨው ለይቶ መቼ ዐወቀ?)

ከመደርደሪያው አናት ዳሩማ ተቀምጧል፣
ቀይ፣ ድቡልቡል፣ እግር አልባ፤ ቢገፉት ይነሳል፣ እንዲያ ሆኖ ተበጅቷል።
ሲገዛ ዓይነ ባዶ ነው። ገዢው ይመኝና አንዱን ይኩላል፣
ምኞቱ ሲሰምርለት ሁለተኛውን ይስላል።
ኪሳቡሮ አንዱን የኳለው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤
ምን እንደ ተመኘ አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀችው።
በየዓመቱ ማብቂያ ሰው የፈዘዘ ገዱን ይዞ
ያስቃጥላል ከቤተ መቅደስ፣ ለአዲሱ ቦታ ሊለቅ፣ ተጉዞ፤
የእሱ ግን ባንድ ዓይኑ ከላይ ሆኖ ያፈጣል፣
ጢሱን ከሩቅ አሽትቶ ሌላ ዓመት ይቀመጣል።

ጊዜው የከፋው እንዲህ ነው፦ ባንድ ሳህን ኑድል ዋጋ
ላስቲክ ጃንጥላ መጣ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያዛጋ፤
ይሰብሩታል፣ ይጥሉታል፤ ከጣቢያው ደጅ ሞቶ ሲያድር
አጥንቱን የሚያቃና የለም፣ የሚያነሳው የለም ከምድር።

ኪሳቡሮ አላማረረም። ነጭ መሐረብ ቀደደ፣
ጥጥ ጎሰጎሰበት፣ አንገቱን በክር ገመደ፣
የጨርቅ አሻንጉሊት ሠርቶ ከመስኮቱ አንጠለጠለ፣
እግሩን ወደ ላይ፣ ራሱን ቁልቁል፦ «ዝነብ» እያለ።
ሌላው ቀጥ አርጎ ይሰቅላል፣ ፀሐይ ሲሻ ለጉዞ፤
የዘቀዘቁት እንደሆነ ይመጣል ይላሉ ዝናብ ይዞ።

አንድ ማታ፣ ሊዘጋ ሲል፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
ከመንገዱ ማዶ አየ፣ አንገቱን አውጥቶ፦
የቺዙሩ መስኮት፤ ቺዙሩ፣ የስምንት ዓመቷ፣
የታታሚ ምንጣፍ ሠሪው ልጅ፣ ነገ ሩጫ ነው በትምህርት ቤቷ፤
እሷም ሰቅላለች፣ ቀጥ አርጋ፣ ፊቱን በቀለም አስቃ፤
በጠባቧ መንገድ ላይ ፀሐይ ከዝናብ ጋር ተናንቃ።

ሳል አለ። በርጩማ ሳበ። ጉልበቱ እየጮኸ ወጣ፤
አሻንጉሊቱን ገለበጠው፣ ራሱ ወደ ላይ መጣ።
ተዘቅዝቆ የከረመ ሰው ሲቆም እንደሚያዞረው
እሱም ትንሽ ተወዛወዘ፣ ክሩ እስኪያሳርፈው።

ዘነበ።

ሩጫው ቀረ። ጠዋት ቺዙሩ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣
የአያቷን ጃንጥላ ይዛ፣ ሁለት አጥንቱ ተሰብሮ፣
ገባች። በዘጠኝ ቀን የመጀመሪያዋ ደንበኛ።
«ዝናቡን እርስዎ ነዎት የጠሩት?» አለችው፣ እንደ ዳኛ።
«ትናንት ማታ» አላት «እኔም ለፀሐይ ጽፌ ነበር፤
ወረፋው በዝቶ ይሆናል፣ ላይ ቤት፣ ከሰማይ በር።»
ሽቦ አቃና፣ ክር አሰረ፣ ቀለም ቀባ ለዝገቱ፤
ሳንቲም ስትቆጥር እጇን ዘጋው፦ «ተይው፣ ለኔ ቅጣቱ።»
ስትወጣ፣ በሩ ሲመታ፣ ንዝረቱ ይሁን ንፋሱ
የድመቷ እጅ አንድ ጊዜ ወረደ፣ ወጣ፣ በራሱ።

ማታ ፉሳኤ ብሩሽ አመጣች፣ ቀለም በጠበጠች፤
«የተመኘኸው ይሄ ካልሆነ ምን ነበር ታዲያ?» አለች።
ዳሩማውን አወረደ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣
ብሩሹን አነሳና መልሶ ከቀለሙ ዳር አደረገ።
«አንድ ዓይን ያለው አይተኛም» አላት፤ «ይቆይልኝ ነቅቶ፤
ሁለቱን ብስልለት ይከድናቸዋል፣ ሥራዬ አለቀ ብሎ፣ ተኝቶ።»
እሷም ቀለሙ እንዳይባክን የድመቷን የለቀቀ ጢም
ኳለችው፣ አንድ ባንድ፤ ውጭ እያካፋ፣ ሳይጠነክር፣ ሳያቆም።