አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

ሲስተር ረድኤት ወረቀት አነጠፈች ጠረጴዛው ላይ፣
እርሳስ አቀበለችው፣ ጫፉ የተቀረጸ፣ ቀይ።
«ክብ ይሣሉልኝ አባባ፤ የሰዓቱን ቁጥር ይሙሉ፤
ዘንጎቹም አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ይበሉ።»

አባቴ ተማም አባ ፊጣ፣ በሂርማታ መጋዘን
አርባ ዓመት የሰውን በቆሎና ማር የመዘነ፣
ቀና ብሎ አያት።
«በማን?»
«ምን በማን?»
«ሰዓቱ። በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?
በኛ ከሆነ መምሸቱ ነው፣ ከብት ሊገባ ነው ከደጅ፤
በነሱ ከሆነ ረፋድ ነው፣ ጥላዬ እግሬ ሥር ሊገባ።
የቱን ልሣል?»

ሲስተር ቅጹን አየችው። ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።
ከሩቅ የመጣ ጥያቄ፤ የተረጎመው ሰው
ቃሉን አሻገረና ስድስቱን ሰዓት ከወንዝ ማዶ ረሳው።

እኔ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ልቤ ዘለለ፦
ይህን ከጠየቀ ጭንቅላት ምን ጎደለ?
እንግዲህ ሻዩ ውስጥ ጨው መጨመሩ፣ ያውም ሁለቴ፣
ሌሊት ለሱብሂ ተነሥቶ በሩን ሲያጣ አባቴ
ከቁም ሳጥኑ ጋር መታገሉ፣
«ነዚፍ ምሳ በላ?» ማለቱ
አጎቴ ነዚፍ በሞተ በስምንት ዓመቱ፣
ይህ ሁሉ እርጅና ነው፣ አልኩ። እርጅና ብቻ።

«እንደ ፈለጉ» አለች ሲስተር።

ክቡን ሣለ። አላህ ይመስክር፣ እንዲህ ያለ ክብ አላየሁም፤
ሳንቲም አላስደገፈ፣ እጁም አልተንቀጠቀጠም።
በአንድ ትንፋሽ ነበር። ጫፉ ከመነሻው ሲገናኝ
እንደ ቀለበት ገጠመ። ሲስተርም ፈገግ አለችልኝ።

ከዚያ ከአናቱ፣ አሥራ ሁለት ከሚቀመጥበት፣
ዜሮ ጻፈ።

አሥር። ሃያ። ሠላሳ። አርባ። ቀኝ ጎኑን አልፎ
አምሳ ከታች፤ ወደ ላይ ደግሞ ሁሉም ተሰልፎ
እስከ ዘጠና። ቆመ። መቶና ዜሮ አንድ ቦታ ናቸው።
በየመካከሉ ደቃቅ መስመር፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ደረደራቸው።
አንድ ዘንግ ብቻ አኖረ፤ ከስልሳ ጥቂት አሳለፋት።
«ጆንያው ራሱ አንድ ኪሎ ይበላል» አለ፤ «እሱን ቀንሱለት።»

«ሁለተኛው ዘንግስ አባባ?»

«ሚዛን ሁለት ልብ የለውም።»

ውጭ ባጃጅ ጮኸ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀመረ፣
የጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ፤ ቆርቆሮው ተናገረ።
የሲስተር እስኪርብቶ ከነጥቡ ሣጥን በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ክብ ካለ፣ አንድ ነጥብ።
ቁጥሮቹ ቦታቸውን ከያዙ፣ አንድ።
ዘንጎቹ ሰዓቱን ካሳዩ፣ አንድ።
ስለ ሚዛን የሚል መስመር የለውም ቅጹ።
አንድ ብላ ጻፈች። ቆይታም ከኅዳጉ፣
በደቃቅ ፊደል፣ «መዛኝ ነበሩ» አለች።

«ይህ ወንፊት ነው» አለችኝ ከበሩ ላይ ቀስ ብላ፤
«እህሉ ገና አልተለየም። ደም እናያለን፣ ዓይን፣ ጆሮ፤
ከዚያ ሆስፒታል። በወሩ ይዘሻቸው ነይ።»

ልከራከራት ነበር። አርባ ዓመት ያየውን ሣለ፣
ምን አጠፋ? ልላት ነበር።
ግን አይቼዋለሁ፦ «በማን?» ብሎ የጠየቀው ሰው
ክቡን ሳይዘጋ ጥያቄውን ረስቶት ነበር።

ማታ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ እኔም ሞከርኩ።
ክቤ ድንች ሆነ። አሥራ ሁለትን ጻፍኩ፣ ስድስትን፣
ሦስቱ ከአራቱ ጋር ተገፋፋ።
ትንሹን ዘንግ የት ላድርሰው? አምስት ላይ? አሥራ አንድ ላይ?
እርሳሱን ይዤ ቀረሁ።

አባቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ አየ፣
አውራ ጣቱን ከወረቀቴ ጠርዝ ጫን አድርጎ ቆየ፤
«ወደ ግራ አጋድሏል» አለኝ። «ከመመዘንሽ በፊት
ጠጠር ጨምሪበት።»