ተቀበይ

ሳልሚያ ውስጥ አንድ ሕንፃ አለ፣ ሰባት ፎቅ፣ ፊቱ ወደ ባሕር፤
ጀርባውን ማንም አያየው፣ ከእኛ ከሠራተኞቹ በቀር።
የየቤቱ ማድቤት መስኮት የሚከፈተው ወደ አንድ ጉድጓድ፣
አራት ክንድ የማይሞላ፣ ጠባብ የአየር መንገድ።
ከታች የተጣለ ፍሪጅ፣ የወደቀ የልብስ መቆንጠጫ፣
የርግብ ላባ፤ የሰባቱም ፎቅ ኤሲ ውኃውን መትፊያ።

እዚያ ነው የተዋወቅነው፤ በፊት አይደለም፣ በእጅ ነው፤
ልብስ ለማስጣት ሲዘረጋ፣ የትኛው የማን እንደሆነው
ለየሁት እያደር።
የሦስተኛው፣ በክሎር የተላጠው፣ የሉባባ።
የአምስተኛው፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለው፣ የትርንጎ።

ትርንጎ የላስታ ልጅ ናት። አጎቷ ማሲንቆ ይዞ
ሰርግ ለሰርግ ሲዞር የኖረ፤
እሷን ግን፣ «የፈረስ ጭራውን እንኳ እንዳትነኪ፣ ሴት ነሽ» ተብላ
ከበር ኋላ ቆማ የሰማች።

ማታ አምስት ሰዓት፣ የመጨረሻው ድስት ሲገለበጥ፣
ድምፅዋ ከላይ ይወርዳል፣ በቧንቧው ጎን ሲያዳልጥ።
«ወንዙ ሞላ» ካለች፣ ባባ ቤት ነው፣ ዝም በሉ፤
«ወንዙ ጎደለ» ካለች፣ መስኮት ክፈቱ ነው ቃሉ።
ማዳሞቹ ቢተረጎምላቸው፣ ስለ ከብት ነው የምትለው፣ ስለ ሣርና ስለ ለም፦
ሁለት በሬ፣ አምስት ፍየል፣ ባዶ በረት፣ አንዲት ላም።
እኛ የፈሰሰ ዱቄት ላይ በጣታችን እንጽፋለን፦
ሁለት፣ አምስት፣ ዜሮ፣ አንድ። የኤምባሲውን ስልክ እንዲህ ያዝን።

አዝማሪ «ተቀበል» ይላል፣ ለወንድ ነው ግጥም ሲሰጥ፤
እሷ «ተቀበይ» አለችን። አንድ ፊደል ሲለወጥ
ጉድጓዱ ቤት መሰለኝ።

አንድ ሌሊት ሉባባ አለቀሰች፤ ስምንት ወር ያልተከፈላት።
ትርንጎ አይዞሽ አላለችም። ግጥም ነው የሰጠቻት፦

«ስምንት ጨረቃ አልፎ ዘጠነኛው ነጋ፣
ደም ወዜን የጠጣ ደመወዜን ዘጋ።

ተቀበይ!»

አራተኛ ፎቅ ተቀበለች፣ ስድስተኛ ተቀበለች።
ሁለተኛ ፎቅ እኔ ነኝ። እኔ ቧንቧውን ከፈትኩ፣
ሳህን የማጥብ መሰልኩ።
እውነቱን ልናገር፦ የእኔ ደሞዝ በወቅቱ ይመጣ ነበር።

የሉባባ ቤት ልጅ ዳና፣ አራት ዓመቷ፣ እሷው ያሳደገቻት፣
(ዳና በእነሱ ዕንቁ ነው፣ በእኛ የእግር ዱካ ማለት)
ዜማውን ይዛው ኖሯል። ሐሙስ ማታ፣ ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶ፣
አያቷ ጉልበት ላይ ሆና ለቀቀችው።
«ምን ማለት ነው፣ ነፍሴ?» አሏት ሽማግሌው እየሳቁ።
ልጅ ምን ያውቃል፣ ተረጎመችው።
በጠራ ዐረብኛ፣ ቃል በቃል።
ደሜን። ወዜን። ስምንት ጨረቃ።
የቴምር ፍሬ ሳህን ላይ ሲያርፍ ይሰማ ነበር፣
አለችን ሉባባ።

እሑድ ጠዋት ዲናሩ ተቆጠረ።
የስድስት ወሩ። የሁለቱን ወር
«ለሰበርሽው ብርጭቆ» ብለው አስቀሩት።

ይሄ ድል ከሆነ እናንተ ፍረዱ።
በሳምንቱ ትርንጎን ወደ ጀህራ፣ ወደ ማዳም እህት ቤት ወሰዷት፤
ሻንጣዋ ሲወርድ በደረጃው ሰማሁ፣ በሩ ግን ተቆልፎብኝ ነበር።
ሃሪሱ የአምስተኛውን መስኮት በሲሊኮን ደፈነው።
የእኔም ፓስፖርት ያው መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ።

አሥራ አንድ ሌሊት ኤሲው ብቻ ጠብ አለ።
በአሥራ ሁለተኛው፣ ከአንደኛ ፎቅ፣ ማሪቬል፣
ከማኒላ የመጣችው፣ «ሰላም» እንኳ የማትል በእኛ ቋንቋ፣
«ደማ ዋዜን ዛጋ» አለች፣ ቃሉን እንዳይሆን ሰባብራ፣
ዜማውን አንድም ሳታጎድል።
ከሰባተኛ ፎቅ አንዲት አዲስ እጅ፣
ስሟን ገና የማላውቃት፣ ተቀበለቻት።

እኔ ዛሬም አልዘፍንም።
ቧንቧውን ብቻ እዘጋለሁ።