የማዴቦ ሚዛን

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ ሥር፣
ላስቲክ ዘርግቼ፣ አሮጌ መጻሕፍት ስደረድር፣
ጎረቤቴ ማዴቦ፣ ሚዛኑን ፊቱ አስቀምጦ፣
ጉልበቱን አቅፎ ይውላል፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ።
"ኪሎ! ኪሎ!" ይላል፣ ላለፈ ላገደመ፤
ሚዛኑ ሰው አይመርጥም፣ የጠገበም ይውጣበት፣ የታመመ።

አንድ መጽሐፍ አለኝ፣ ገዢ ያጣ፣ የአሜሪካ ልቦለድ፣
ሽፋን የለው፣ የደራሲ ስም የለው፣ ጀርባው በምስጥ የሚናድ።
ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከቀትር በኋላ፣
የገባኝን እየተረጎምኩ፣ ያልገባኝን እየዘለልኩ
አነብለታለሁ፣ እሱ ለውዝ እየበላ።

ታሪኩ የአንዲት ሴት ነው፤ የሰው ልብስ አጣቢ ናት፣
ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ፣ በረዶ በበዛበት።
ደራሲው ሁሉን ቆጥሯል፦ የሳሙናውን ዋጋ፣
የጓንቷን ቀዳዳ፣ የደረጃውን ብዛት ከደጅ እስከ አልጋ።
ባሏ፣ አባቱ የጠጣውን የሚጠጣ፣
አባቱ በወደቀበት በር የሚገባ የሚወጣ።
"አይ ምስኪን" የሚል ቃል የለም፤
እግዜርም ሰይጣንም በዚያ ሰፈር አያልፉም።
ደም ነው፣ ከዘር የመጣ፤ መንገድ ነው፣ ቁልቁል የነጎደ፤
ሰው መሐሉ ገብቶ፣ እንደ ቡሽ ከጎርፉ ጋር የሄደ።

ስድስት ኪሎ ሳለሁ፣ ትምህርቱን ሳልጨርስ፣
መምህሩ ሁለት ቃል ጻፉ፣ በጠመኔ፣ ከሰሌዳው ራስ፦
እውነታዊነት፦ ያየኸውን ጻፍ፤ አትጨምር፣ አትቀንስ።
ተፈጥሯዊነት፦ ያየኸውን ጻፍና ማን እንደገፋው ጠይቅ፣
ዘሩ ይሁን ሰፈሩ፣ ብርዱ ይሁን ረሃቡ፤
ሰውየውን አትውቀስ።

ይህንኑ ነገርኩት። ጆሮውን አከከ።
"እና ዕድል ነው በለኛ! አክስቴ ሶዶ ሆና የምትለውን፣
ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ጠመኔ።" ቀጠለ፦
"ግን ይቺ ሴትዮ፣ ስንት ኪሎ ናት?" አለ።
ገለባበጥኩ። የሳሙናው አለ፤ የከሰሉም አለ፤
የእሷ የለም።
"አየህ! ሳይመዝናት ነው እንዴ፣ ወደቀች ያለ?"

መጨረሻው ላይ ስንደርስ፣ አሥራ ሁለት ቅጠል ጎድሏል።
ለውዝ ሻጯ እቴነሽ፣ እየቀደደች ጠቅልላበታለች።
ማዴቦ እጁን አየ፤ ሳቀ፤ "በልተነዋል!" አለ፣ "በልተነዋል!"

ሐሙስ ዕለት፣ አሥር ሰዓት ከሩብ፣
ደንቦች መጡ በፒካፕ፣ ሰማዩ አጉረምርሞ ሳይዘንብ።
ላስቲኬን በአራት ጫፉ ጠቅልዬ፣ የባንኩ ደረጃ ላይ ወጣሁ፤
ከዚያ ቆሜ፣ እንደ ደራሲው፣ ሁሉን በደንብ አየሁ፦
ሚዛኑ ሰማያዊ፣ መስታወቱ ከግራ የተሰነጠቀ፤
የያዘው ደንብ ልጅ እግር፣ ጫማው በጭቃ የተለቀለቀ፤
ማዴቦ፣ አንድ እጁ ሚዛኑ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ፤
አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይደርስም እኔ ካለሁበት ከላይ።
የተቀማ የሎሚ ከረጢት ሚዛኑ ላይ ሲጭኑ፣ መርፌው ተነሣ፤
ስንት እንዳለ አልታየኝም። ሥራውን ግን አልረሳ።
አልጨመርኩም። አልቀነስኩም።
"ተው" ብዬም አልጮህኩም።

ማታ ዘነበ።
ዓርብ ጠዋት የሚዛኑ ቦታ፣ አራት ማዕዘን፣
ከሌላው ድንጋይ ነጣ ብሎ ነበር።

ማክሰኞ መጣ፤ ባዶ እጁን፤ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤
"ያቺ ሴትዮ..." አለኝ፣ መጽሐፉ ላይ እያፈጠጠ።
ገለጥኩ። ገጹ ላይ የሌለውን፣ እንዳለ አድርጌ አነበብኩ፦
"አርባ ዘጠኝ ኪሎ ከግማሽ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመርኩ።

"ቀጭን ናት" አለ። ጣቱን ካርቶኑ ላይ ጫነና፦
"ግን ሰው ተኝቶ አይመዘንም። ቆማለች ማለት ነው፣ ገና።"