አንድ ጉርሻ

ማታ ነው፤ ሼፊልድ ላይ ዝናቡ ያንጠባጥባል፣
የመጨረሻው ትራም ዳገቱን ሲወጣ መስኮቴን ያነቃንቃል።
ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ ከአንሶላ ክምር መልስ፣
እግሬን ለብ ካለ ውሃ ነክሬ፣ መነጽሬን ሳብስ፣
ሦስት ባንክ ደረደርኩ ጠረጴዛዬ ላይ፣
በግ ተራ እንደቆመ ሸማች፣ ላታቸውን ዳብሼ ላይ።

ቀዩ ባንክ «ነይ» ይላል፣ «ሂሳብሽን አዙሪ፣
መቶ ሰባ አምስት ፓውንድ በአንድ ቀን ቁጠሪ።»
ከስሩ ግን በጤፍ ፊደል
ሦስት ፓውንድ በየወሩ፣ «ለአገልግሎት» ይላል።

ሰማያዊው ጉርሻ የለውም፤ ወለድ ብቻ ነው ወሬው፣
አምስት ከመቶ፣ ለዓመት፤ ከዚያ ይረግፋል ፍሬው።
ከሺ አምስት መቶ በላይ ያለው መካን ነው፣ አይወልድም፤
እኔም ከዚያ በላይ ይዤ አላውቅ፣ ይሄ እኔን አይጎዳም።

ብርቱካኑ ክፍያ የለው፣ ወለድ የለው፣
የሲኒማ ትኬት ይሰጣል፤ ከማን ጋር ላየው?

እርሳስ አነሳሁ። አምስት ከመቶ ከሺ አምስት መቶ፣
ሰባ አምስት ፓውንድ ይሆናል፣ ዓመቱ ተጎትቶ።
ከመቶ ሰባ አምስት ሲቀነስ ሠላሳ ስድስት፣
መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ቀዩ ረታ፣ አለቀ ሙግት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል ባገሬ፤
ሁለተኛ የሚያጎርስ ባንክ አላየሁም እስከዛሬ።

ቅጹን ከፈትኩ። ስም። አድራሻ። የድሮው ሂሳብ ቁጥር።
«ይህ ሂሳብ የጋራ ነው» አለኝ፣ እንዳዲስ ምስጢር፣
«የሁለታችሁም ፈቃድ ያሻል፤ የድሮውም ይዘጋል።»
ከስሜ ስር ስሙ አለ፤ ማንደፍሮ ጋሻው ይላል።

ማንደፍሮ።
ከስምንት ዓመት በፊት፣ ግላስጎው ሥራ ተገኘ ብሎ፣
«ለሳምንት ነው» ያለኝ፣ ጃኬቱን ከሚስማር ሰቅሎ።
አይደውል፣ አይጽፍ። ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳዋል።
የባንኩ መግለጫ ግን በየወሩ ይመጣል፤
ከኪራይ፣ ከመብራት፣ ከውሃው ሂሳብ መሃል
አንዲት መስመር፦ ዳቦ ቤት፣ ግላስጎው፣ ሁለት ፓውንድ ከዘጠና።
ጥር ላይ መድኃኒት ቤት አየሁ፤ ሳሉ ይሆናል እንደገና።
ሌላ ሳንቲም አይነካም፤ ካርዱ ግን ኪሱ ነው።
አልጠየቅሁት። ለምን ዳቦ ብቻ፣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ወጪ ይላል ባንኩ፤ አዎ፣ ወጣ ከቤቴ።
ገቢ ይላል፤ እኔ ነኝ፣ ማታ፣ በዛለ ጉልበቴ።
ከታች በደማቅ ቀለም ቀሪ ብሎ ሲደመድም
የቀረውን ሰውዬ ነው የማነበው፤ ገንዘቡን አላይም።

ይህስ በስንት ከመቶ ይሰላል?

እልፍነሽ፣ አምስት ባንክ ዞራ ጉርሻ የሰበሰበች፣
አንሶላ እያጠፍን ሳጫውታት ሳቀች፦
«ሌላ ባዶ ሂሳብ ክፈቺና እሱን ለቀዩ ሽጪ፣
የድሮውን ተዪው ይቀመጥ፤ አንቺ ጉርሻሽን ዋጪ።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ደሞዜ ቀዩ ጋ ገባ።
አሮጌው ባንክ ቅር ብሎት ነው መሰል፣ በሚያዝያ አጋማሽ ግድም
ደብዳቤ ላከ፦ ደሞዝ የማይገባበት ሂሳብ
በወር አምስት ፓውንድ ያስከፍላል።
ስድሳ ፓውንድ በዓመት። ቀነስኩ። ሰባ ዘጠኝ ቀረኝ።
«ዝጊውና ተገላገይ» አለች እልፍነሽ፤ «ሞኝ!» አለችኝ።
ይሁን። ሠላሳ ፓውንድ ትቼበታለሁ፣ አሥር ዳቦ ያህል፤
ሲሳሳ እጨምርበታለሁ።

ዛሬ መግለጫው መጣ። ፖስታውን ቆሜ ቀደድኩ፣
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ኮሪደሩ ላይ።
ዳቦ ቤት፣ ግላስጎው፦ ሦስት ፓውንድ ከአሥር።

እዚያም ዳቦ ተወደደ።