ከሚዛኑ በስተግራ

ጊራና ወረድሁኝ፣ ከመርሳ በባጃጅ፣
ላይ ብቻ ነው እንጂ ዘመድ የለኝ፣ ወዳጅ።
ጸጥታ ነበረ ለጆሮዬ የሰነቅሁት፤
ወፍጮው ሲያጓራ ነው ከነሰዉ ያገኘሁት።
ሁለት ሴቶች ደጁ ላይ ስለ ተራ ይጣላሉ፣
ሌሎቹ ኬሻቸው ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ።

ግድግዳው፣ ጥይት የበሳው፣ በጭቃ ልጥፍ በልጥፍ፤
አሥራ ሰባት ስደርስ ጣቴን አልኋት እጥፍ።
ጋሽ ሙሄ፣ ወፍጮኛው፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣
«አብሽር፣ ግባ» አለኝ፣ እኔኑ ሊያጽናና ብሶ።

ከሚዛኑ አጠገብ ግን፣ በር ሲገቡ በስተግራ፣
አንድ ክንድ ተኩል መሬት፣ ባዶ የቀረ ስፍራ።
ሰው ተጣቦ ቆሟል፣ ትከሻ ለትከሻ፤
እዚያ ግን ማንም የለም የሚያሳርፍ ኬሻ።

አንድ ልጅ፣ እንግዳ፣ ከሊብሶ የመጣ፣
ሸክሙን እዚያ ቢያወርድ የሁሉም ቃል ታጣ።
ሞተሩ ይጮኻል። ሰው ግን ዝም። ዝም ብቻ።
እማማ ሉባባ ናት፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ዛቻ፣
ጆንያውን ሳበችና በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች፣
ልክ ከተኛ ልጅ ፊት ላይ ዝንብ እንዳባረረች።

ጭቅጭቁ ቀጠለ፣ ከፊቱ ዝግ ብሎ።
ባጃጁ ላይ ጫማዬን አየሁት፣ ዱቄት አዝሎ፤
ላራግፈው ጎንበስ አልሁ።
የት የት እንደረገጥሁ እንጃ፤
ተውሁ።