እርማት

ከአልጋዬ ሥር ሁለት ጆንያ ነበረ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፉ እንደታሰረ።
ሒሳብ ነው የያዘው፤ የፈተና ወረቀት፣
አይጥ እንኳ ጠርዙን ቀምሳ የሰለቻት።
ጡረታ ስወጣ ለምን እንዳልጣልኩት
ቢጠይቁኝ እንኳ መልሱን አላወቅሁት።

ጦይባ ናት የመጣች፣ ጎረቤቴ፣ በጠዋት፣
እጇን እስከ ክርኗ ጭቃ እንደነካት፤
«ቲቸር፣ የችግኙ ላስቲክ ዋጋው ጨመረ፣
የአምናውም ከነቅርጹ መሬት ውስጥ ቀረ።
ሐይቁ ዳር ቢወርዱ አፈሩ ጠቁሯል፣
የሰይድ ጥጃ እንኳ ላስቲክ በልቶ ሞቷል።
ወረቀት ካለዎት ግን…»
አልጋዬ ሥር ያለውን ማን እንደነገራት
እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቀደድን፤ በበርሜል አደረ ተዘፍዝፎ፣
ሲነጋ ጠበቀን እንደ ቀጠነ ገንፎ፤
ጨመቅነው በጨርቅ፤ ገባ ከሙቀጫ፤
እፍኝ ዱቄት ብቻ፣ ሌላ የለውም ሙጫ።
በሻይ ብርጭቆ ላይ እየለጠፍን በመዳፍ፣
ቂጡን በምስማር በስተን፣ ውሃው እንዲያልፍ፣
ጥላ ሥር ደረደርን።
እኔ ቸኩዬ ፀሐይ ላይ ያሰጣኋቸው
በአንድ ከሰዓት ተሰነጠቁ፣ ሁላቸው።
«አብሽር ቲቸር» አለች፣ ሳቋን እንደያዘች፤
«የወደቀ ሁሉ ይደግማል» አለች።

መቅደዱ ላይ ግን እጄ ይዘገያል፤
ስም አነባለሁ፤ ስም ሰውን ይይዛል።
ሉባባ፣ በሰባት ብዜት የምታለቅሰው፤
ሙሐባው፣ የሰጠሁትን ዜሮ
ጆሮና ጭራ ቀጥሎ ድመት የሚያደርገው።
ከዚያ፣
አበጋዝ ሙሄ። ስምንተኛ «ለ»። ከመቶ አርባ ስምንት።
ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎድሎት።

አሥራ አራተኛውን አየሁት ደግሜ፣
መነጽሬን ጠርጌ፣ መስኮቱ ዳር ቆሜ።
በእኔ መንገድ አልሄደም፤ በሌላ አቋርጦ
ከመልሱ ደርሷል፣ እንደ ፍየል ዳገት ቆርጦ።
ልክ ነው። ያኔም ልክ ነበር።
እኔ ግን በቀይ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ፣ ኤክስ፤
ከጎኑም «አስብ!» ብያለሁ፣ ቃለ አጋኖው ሳይቀር።

የት ይሆን? አንዱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው ይላል፤
ሌላው፣ መርሳ ወፍጮ ቤት ሚዛን ይዞ ይውላል።

ብቻውን ወቀጥኩት። ቀዩ ቀለም ሟሙቶ
ሊጡ ሮዝ ሆነ፣ እንዳፈረ ፊት ቀልቶ።
የወጣችው ኩባያ ስስ ናት፣ ትንሽም ጠማማ፤
አፈርና ፍግ፣ አንዲት የበርበሬ ፍሬ።
ሌሎቹ በዘጠኝ ቀን ብቅ ብቅ አሉ፤
እሷ ታስባለች።
ከአምባሰል በኩል ዳመናው ሲወርድ፣ በሁለት ሳምንቷ፣
አንገቷን አቀናች።
ሥሯም ግድግዳውን ገፍቶ ነጭ ጫፉን አሳየኝ፣
እኔ በምስማር በበሳሁላት ሳይሆን
ራሷ በመረጠችው በኩል።

ጓሮዬ ልተክላት ነበር፣ ነገ፣ ዝናቡ ሲያባራ።
ጦይባ ለገበያ ጭናታለች፣ ከሌሎቹ ጋራ።
«ማን ገዛት?»
«ስንቱን ላስታውስ ቲቸር? አንዲት ሴት ናት፣ ልጅ ያዘለች።
ከነወረቀቱ ቅበሪው፣ እንዳትገፊው ብያታለሁ፤
ዝናብ ሁለቴ ከመታው ራሱ አፈር ይሆናል አልኳት።»

በማላውቀው አጥር ውስጥ አሁን
ያ ኤክስ እየሟሟ ነው።

ሁለተኛው ጆንያ ገና አልተፈታም።
ጦይባ በርሜሉን ሞልታ ልጇን ላከችብኝ።
«ቆይ በላት» አልኩት፤
«መጀመሪያ ላርም።»